ሐይቅ፣ ግሸን፣ መቅደላ፦ ከደሴ ደጃፍ የሚጀምር ጉዞ



«በዓለም ላይ ዝነኛ የሆኑ የጉብኝት ቦታዎችን ጥቀሱ» ብንባል አብዛኞቻችን አንቸገርም። የግብፅን ፒራሚዶች፣ የሮማን ኮሎሲየም፣ የቻይናን ታላቅ ግንብ፣ የሕንድን ታጅ ማሐል በመጽሐፍ ሥዕል እያየን ነው ያደግነው። ከሀገራችንም አክሱምን፣ ላሊበላን፣ የጎንደርን ግንብ እንጨምራለን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላና የስሜን ተራሮች በዝርዝሩ ውስጥ እንደነበሩ የሚያውቅም ከመካከላችን አይጠፋም። ነገር ግን አንድ እንግዳ ፒያሳ ላይ ቆሞ አንዱን የደሴ ልጅ «ከከተማችሁ ወጣ ብዬ ምን ልይ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ላሊበላ ነዋ! እስከ ወልድያ በዚህ ሂድ» የሚል ነው። እንግዳውም ምሳውን በልቶ፣ ቢመሽበትም አድሮ፣ መንገዱን ይቀጥላል። ደሴ የማደሪያ ከተማ ብቻ ሆና የቀረችው በከፊል እኛው መንገዱን እያሳየን ስለምንሸኝ ነው።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሩቅ ሳንሄድ ሦስት ቦታዎችን እናጠናለን። ሦስቱም በደቡብ ወሎ የሚገኙ ናቸው። የሚገርመውም ሦስቱንም ዓለም በመጽሐፍ ካወቃቸው መቶ ዓመታት አልፈዋል። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ስንጽፍ ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ስንጽፍ እ.ኤ.አ. እንላለን፤ አንባቢ እንዳይደናገር ከወዲሁ ማስታወሱ ይበጃል።

ከመነሻችን ጥቂት እንበል

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ከተማ ናት። የስሟን ምንጭ ሽማግሌዎች ሲነግሩን፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ታየ፤ እሳቸውም እንደ መልካም ምልክት ቆጥረውት ቦታውን «ደሴ» አሉት፣ ማለትም ደስታዬ፣ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1882 መስከረም ላይ በመላው ዓለም የታየ እጅግ ብሩህ ጅራታም ኮከብ እንደነበረ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መዝግበዋል። ስለዚህ ትረካው ከሰማዩ ጋር አይጣላም። ከተማዋን ግን ከተማ ያደረጓት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የደፉትም እዚሁ ነው። በጉብታው ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል። ስሙ ብቻውን ትምህርት ነው፤ ባለጸጋና ድሀ፣ ክርስቲያንና እስላም ሳይጠያየፉ የሚገቡበት ቤት ማለት ነውና።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወርድ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ፣ ከካፖርት ወደ ሸሚዝ ያሸጋግራል። ቦርከና ወንዝም አብሮን ይወርዳል። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን በተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ፣ በኋላም በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ትታወቃለች። ከሁሉ በፊት ግን የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ደሴ፣ አንዱ በባቲ በኩል ወደ አፋርና ወደ ባሕር ይሄዳል። ባቲ በሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የምታገናኝ ከተማ ናት። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ ባቲ፣ አንዱ አምባሰል እንደሚባል የማናውቅ የለንም። በካርታ ላይ ያለ የቦታ ስም ከክራር ላይ ሲገኝ በሌላ ሀገር ይህን ያህል የተለመደ አይመስለኝም።

በኮምቦልቻ አቅራቢያ ጌታ የተባለው ስፍራ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ሰይድ ቡሽራ የተባሉ ታላቅ የእስልምና መምህር ያስተማሩበት ነው። ወሎ በመንዙማ የታወቀች ሀገር ናት፤ በአማርኛ የተደረሰው መንዙማ በዐረብኛ ፊደል እየተጻፈ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። የራሳችን ቋንቋ በሌላ ፊደል ተጽፎ በጎረቤቶቻችን ቤት መቀመጡን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል?

ወደ ሐይቅ ስንሄድ የምናልፈው ቦሩ ሜዳም እንዲሁ ሁለት ፊት ያለው ታሪክ አለው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት፣ ሊቃውንቱን ሰብስበው የሃይማኖት ክርክር ያካሄዱት በዚህ ሜዳ ነው። ተዋሕዶና የጸጋ ልጅ በሚባሉት ወገኖች መካከል ለብዙ ዘመን የቆየው ሙግት በጉባኤው ውሳኔ ተዘጋ። በዚያው ወቅት የወሎ መሳፍንት እንዲጠመቁ ተደረገ፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኗቸው፤ ኢማም አመዴም ኃይለ ማርያም ተብለው ምኒልክ የክርስትና አባት ሆኗቸው። ከዚያ የተከተለው አዋጅ ግን በወሎ እስላሞች ላይ ብዙ መከራ አምጥቷል፤ የተሰደደም፣ የሸፈተም አለ። ታሪኩን ለእንግዳ ስንነግር የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነግረን ዝም ማለት አይገባም፤ አብሮን በዕድርና በለቅሶ የሚቀመጠው ጎረቤታችን ሁለተኛውን ግማሽ ከአያቱ ሰምቶታልና።

ሐይቅ እስጢፋኖስ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ሐይቅ ከተማ እንደርሳለን። ስሙን ልብ በሉ። ሌሎቹ ጣና፣ ዝዋይ፣ አሸንጌ የሚል የራሳቸው መጠሪያ አላቸው፤ ይህ ግን «ሐይቅ» ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ ሌላ ሐይቅ ያለም አይመስል! ስለ አፈጣጠሩ የሚነገረው ተረት እንዲህ ይላል፦ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ ብታለቅስ፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያዋን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። ገዳሙ ያለውም በዚያ ላይ ነው። ዛሬ ያ ደሴት ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባበታል።

እንደ ገዳሙ ትውፊት ቤተ ክርስቲያኑ የተመሠረተው በ9ኛው መቶ ዘመን ነው። ሐይቅን የትምህርት አምባ ያደረጉት ግን አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። የተወለዱት በዳህና ነው፤ በትግራይ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው መነኮሱ፤ ከዚያም በ1240 ዓ.ም. ግድም ወደ ሐይቅ መጡ። ከአርባ ዓመት በላይ በዚያ አስተማሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል፤ በኋላ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት ናቸው። በጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ሂሩተ አምላክም የእሳቸው ተማሪ ነበሩ። ሁለቱን ገዳማት የተመለከተ ሰው፣ አንዱ በጣና አንዱ በወሎ፣ ሁለቱም በውኃ መካከል፣ ሁለቱም በእስጢፋኖስ ስም መሆናቸውን አይቶ ይደነቃል፤ ተማሪው የመምህሩን ቤት አስመስሎ የሠራ ያህል ነው።

የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ ነበረው። ሲተረጐም ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ማዕርጉ በስሙ ትሑት ይምሰል እንጂ በ15ኛው መቶ ዘመን በቤተ መንግሥት እጅግ ከፍ ካሉት ሹመቶች አንዱ ሆኖ ነበር። የዚህ ሥልጣን መነሻ አፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ሲነግሡ ከገዳሙ ያገኙት ድጋፍ ነው ይባላል። በዚህ ነጥብ ላይ ሐይቆችና ደብረ ሊባኖሶች አይስማሙም፤ እነዚያ ባለውለታው አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው ሲሉ፣ እነዚህ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላሉ። የእኛ ትምህርት ዳኛ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱ ገዳማት ለብዙ መቶ ዓመታት የተከራከሩበት ክብር ምን ያህል ታላቅ እንደነበረ ከክርክሩ ራሱ እንረዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳማቸው ያጻፉት አራቱ ወንጌል አለ። የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ነው። ዘመናቸው በውስጣቸው ተጽፎ ከሚገኝ የግእዝ የብራና መጻሕፍት ከሁሉ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ወንጌላውያኑና ቅዱሳኑ በቀለም ተሥለውበታል፤ የአባ ኢየሱስ ሞዓም ሥዕል አለበት። አንድ መጽሐፍ የባለቤቱን መልክ ይዞ ሰባት መቶ ዓመት ሲያልፍ ማሰብ ነው! በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር እስከ ሐይቅ ደርሶ ገዳሙ ሲመዘበርም መጽሐፉ አልጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ሥራው በቤተ ክርስቲያናችንና በአሜሪካን ሀገር ተቋማት ትብብር የተሠራ ሲሆን፣ ቅጂዎቹ በሚኒሶታ ግዛት በሚገኝ የካቶሊክ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። የሐይቁ ወንጌል በዚያ መዝገብ ቁጥር 1832 ነው። ከተነሡት መጻሕፍት ብዙዎቹን ለረጅም ዓመታት እየመረመሩ መዝገባቸውን ያዘጋጁት በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ታላቁ ሊቅ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በመሆኑም በጀርመን ወይም በአሜሪካን ያለ የግእዝ ተማሪ «1832» ሲባል ወዲያው የሐይቁ ወንጌል መሆኑን ያውቃል። በሐይቅ ከተማ ሻይ እየጠጣን የምንውል እኛስ?

ሐይቅን ቀድሞ ለአውሮፓ ካስተዋወቁት አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት በሀገራችን ኖረ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን ታተመ። በዚያም ስለ ገዳሙ ጽፏል፤ በውኃውም ውስጥ ጉማሬዎች እንዳሉ ሲናገር እንስሳውን የጠራው በእኛው ቃል ነው። ዛሬ ወደ ሐይቅ ጉማሬ ለማየት የሚሄድ የለም። በአንጻሩ ሰው ሁሉ ሄዶ የሚበላው ቆሮሶ ዓሣ ከሐይቁ የተፈጠረ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1978 በግብርና ሰዎች አምጥተው የጨመሩት ነው። ስለዚህ አልቫሬዝ ቢመለስ ገዳሙን ያውቀዋል፤ ምሳውን ግን አያውቀውም።

ግሸን

ግሸን ደብረ ከርቤ በአምባሰል ነው። ተራራው ከላይ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አፄ ዳዊት ያስመጡትን የክርስቶስ ግማደ መስቀል ልጃቸው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የት እንደሚያኖሩት ሲጨነቁ፣ መስቀሉን በመስቀል ቅርጽ በተፈጠረ ስፍራ እንዲያስቀምጡ በሕልም ተነገራቸው፤ ብዙ ተራራ ዞረው በመጨረሻ ግሸንን አገኙ ይባላል። በዓሉ መስከረም 21 ነው። በዚያን ሰሞን የደሴ አውቶቡስ መናኸሪያ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልገኝም።

ነገር ግን ስንቶቻችን እንደምናውቅ አላውቅም፤ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግሸንን ከንግሥናቸው በፊትም ያውቁታል። አምባው የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት እስር ቤት ነበርና። አንዱ ሲነግሥ ሌሎቹ ወንድሞችና የወንድም ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በአምባው ላይ ይቀመጣሉ፤ ንጉሡ ሲሞት ደግሞ ከመካከላቸው አንዱን አውርደው ያነግሡታል። ዘርዐ ያዕቆብም በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ከዚያ ወርደው ነው። እንግዲህ ንጉሡ ታላቁን ንዋየ ቅድሳት ያኖሩት ወጣትነታቸውን ባሳለፉበት እስር ቤት ላይ ነው። ይህን አስቦ አምባውን የሚወጣ ሰው በሩን ሲያልፍ ሌላ ነገር ይሰማዋል። እስር ቤትነቱ እስከ 1532 ዓ.ም. ቆየ፤ ያን ጊዜ የኢማም አሕመድ ወታደሮች አምባውን ያዙት፤ በላዩ የነበሩትም መሳፍንት አለቁ።

የዚህ አምባ ወሬ በአልቫሬዝና ከእሱ በኋላ በመጡ ጸሐፊዎች በኩል አውሮፓ ሲደርስ መልኩ ተለወጠ። እስር ቤቱ ቤተ መንግሥት ሆነ፤ ድንጋዩ የአትክልት ቦታ ሆነ። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የስፔን መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ ምድራዊ ገነት አስመሰለው። የእንግሊዙ ባለቅኔ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 በታተመው በታላቁ የገነት ግጥሙ ውስጥ ተራራውን በስም ጠቅሶታል። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ታሪክ ሲጽፍ፣ በደስታ ሸለቆ ተዘግቶ የሚኖር፣ ምቾቱ የሰለቸውና ለመውጣት የሚናፍቅ የኢትዮጵያ ልዑል ፈጠረ። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም፤ መጽሐፉንም በጥቂት ቀናት የጻፈው ለእናቱ ቀብር ገንዘብ ስለቸገረው ነው። እንዲህም ሆኖ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓኬናም የተባለ ወጣት ያንን የልቦለድ ተራራ ፍለጋ መጥቶ ግሸንን ወጣ፤ በኋላም ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ።

አስተውሉ፤ እኛ ወደ ግሸን የምንወጣው ስለ መስቀሉ ነው። ፈረንጁ የሚመጣው ስለ ልዑሉ ነው። ሁለታችንም በአንድ ጠባብ መንገድ እንተላለፋለን፤ አንዱ ሌላውን ምን ልትፈልግ መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ብንጠይቅ ግን የምንነግረውም የምንሰማውም ብዙ ነበር።

መቅደላ

ሦስተኛው ቦታ የሚያስደስት አይደለም። መቅደላ፣ ዛሬ አምባ ማርያም የሚባለው፣ ከደሴ በስተምዕራብ ባለው ደጋ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን የጠጡበት አምባ ስለሆነ እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን ያውቃል። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ከዙላ ተነሥቶ 44 ዝሆኖች ጭምር ይዞ መምጣቱንም ሰምተናል። በአምባው ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ አሁንም ወድቆ ይገኛል።

በትምህርት ቤት እምብዛም የማይነገረው ከንጉሡ ሞት በኋላ የሆነው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ ያሰባሰቧቸው አንድ ሺህ የሚደርሱ የብራና መጻሕፍት በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ነበሩ። ወታደሮቹ ያገኙትን ዘረፉ። የተዘረፈውን ዕቃ ለመጫን 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉ። ከዚያም በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ሐራጅ ተደረገ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። በዚያ ሐራጅ ላይ ከለንደን ሙዚየም የተላከ ባለሙያ ቆሞ ይገዛ ነበር። 350 ያህል መጻሕፍት ወደዚያ ሙዚየም ገቡ። ታቦታትም፣ ዘውድም፣ የነገሥታቱ ጠባቂ የነበረው ኵርዓተ ርእሱ ሥዕልም ሄደ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ ሀገር ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ።

ከተወሰደው ጥቂቱ ተመልሷል። አፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ጽፈው አንድ ክብረ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1872 ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1925 ከሁለቱ ዘውዶች ዋጋው አነስ ያለው የብሩ ተመለሰ፤ የወርቁ እዚያው ቀረ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በኤዲንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት የዚያው ቤተ ክርስቲያን ቄስና ምእመናን ወስነው መለሱት፤ አዲስ አበባ የወጣው ሕዝብ ብዛት ይታወሳል። በ2011 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ የጸጉር ቁንጮ ከለንደን የጦር ሙዚየም መጣ። ቁጥሩን ከ15 ዝሆን ጭነት ጋር ስናነጻጽረው ምን ያህል እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በሲና ተራራ ሥር በሚገኘው የቅድስት ካትሪን ገዳም በ4ኛው መቶ ዘመን በግሪክ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ቲሸንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1844 ከመጽሐፉ 43 ቅጠል ወሰደ፤ በ1859 ደግሞ አብዛኛውን ወደ ሩሲያ አሻገረው። የሶቪየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1933 ለእንግሊዝ ሸጠው። ዛሬ የአንድ መጽሐፍ ቅጠሎች በለንደን፣ በላይፕሲክ፣ በፒተርስበርግና በሲና ተበትነው ይገኛሉ። የገዳሙ መነኮሳት ተውሶ ነው የወሰደው ይላሉ፤ ሌላው ወገን ተሰጥቶት ነው ይላል። በመቅደላ ግን እንዲህ ያለ ክርክር የለም። ሐራጁ የተደረገው በቀን ብርሃን፣ በሜዳ ላይ ነው፤ የመዘገቡትም ራሳቸው እንግሊዞቹ ናቸው።

በእኛው ዘመን

እንዲህ ያለው ነገር ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ ቢሆን በወደድን ነበር። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ አውሮፕላኖች ስትደበደብ አፄ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ነበሩ፤ በመትረየስ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍም የዚያን ጊዜ ነው። በአሜሪካውያን የሚመራው ሆስፒታልም ቦምብ ወድቆበታል። ከዚያ በኋላ ሰማንያ ስድስት ዓመት ቆጥራችሁ 2014ን ታገኛላችሁ። በዚያ ዓመት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ፣ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ የነበረው የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። የወሎ ሰው ከየቤቱ አውጥቶ የሰጠው፣ ከየቦታው የተሰበሰበው ዕቃ ተወሰደ፣ ተሰባበረ።

ከመቅደላ የሚለየው አንድ ነገር አለ። የመቅደላ ዕቃ የት እንደገባ በመዝገብ ይታወቃል፤ ፎቶግራፍ አለው፤ ቁጥር አለው፤ ስለዚህ ዛሬም «መልሱ» ተብሎ በስሙ ይጠየቃል። ፎቶግራፍ ያልተነሣ፣ በዝርዝር ያልተጻፈ ዕቃ ግን ከጠፋ ማን ብሎ ይጠይቃል? የሐይቁ ወንጌል ቢያንስ ጥላው በሚኒሶታ አለ። በየመንደራችን ባሉ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ በየሽማግሌው ቤት ሣጥን ውስጥ ያለውስ? እኔ እንደማምነው ለእኛ ዕድሜ የሚሆነው ሥራ ይህ ነው። ዕቃውን ከቦታው ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ በባለቤቱ ወይም በአለቃው ፈቃድ ስሙን፣ መጠኑን፣ ማን እንደ ሰጠውና መቼ እንደሆነ የሚነገረውን በደብተር መጻፍ ይበቃል። የሚፈቀድ ከሆነም ፎቶ ማንሣት። ደብተሩን በሁለት ቅጂ ማድረግና ሁለቱን በሁለት ቤት ማስቀመጥ። የማይፈቀድ ሲሆን ደግሞ አለመጨቃጨቅ፤ ታቦት እንደ ዕቃ አይመዘገብም።

ወደ እነዚህ ቦታዎች እንግዳ ይምጣ ስንል ሌላ ጥያቄም ይነሣል። ብዙ ሰው ሲመጣ ገዳሙ ገዳም ሆኖ ይቀራልን? በግሪክ ያለው የአቶስ ተራራ እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሁሉ ሴቶች የማይገቡበት ነው፤ ወንድ ጎብኚም ቢሆን ያለ ፈቃድ ወረቀት አይገባም፤ በቀን የሚገባው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ኦርቶዶክስ ያልሆኑት ከዐሥር እንደማይበልጡ ደንብ አላቸው። ዓለም ይህን ደንብ አውቆ ተራውን ይጠብቃል፤ አልተቀየመም። እንዲያውም መጠበቁ የቦታውን ክብር ጨመረው። የእኛ አባቶች ደንብ አውጥተው ቢያስጠብቁ እንግዳ ይሸሻል ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው ደንቡን የሚያስረዳ ሰው ሲጠፋ ነው። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ታሪኩን ያጠና የአካባቢው ወጣት በር ላይ ቢኖር፣ እንግዳው ለምን ጫማውን እንደሚያወልቅ፣ ለምን አብራው የመጣችው ሚስቱ ከደጅ እንደምትቀር ተረድቶ ይገባል። ለምትቀረውም እኅት ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ መጽሐፍ በሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ የሚተርክላት አይጠፋም ነበር።

ከኮምቦልቻ ለምትመጡ ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሰው ከደሴ በማለዳ ቢነሣ በዕለቱ ይመለሳል። ግሸን ግን በበዓል ሰሞን አዳር ይጠይቃል፤ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጋቢ መያዝ ያስፈልጋል። መቅደላ ከሁለቱም ይከብዳል፤ በበጋ እንጂ በክረምት አይሞከርም፤ ከመነሣት በፊትም የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታውን ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ይገባል። የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ኅዳር 26 ቀን ይውላል። ያ ቀን ደሴ በ1928 የተደበደበችበት ቀን መሆኑን የሚያስታውሱ አረጋውያን በዕድሜ እያለፉ ስለሆነ፣ በመንገዳችሁ ላይ ያወቀ ሽማግሌ ብታገኙ አስቀድማችሁ እሱን ጠይቁ፤ ሐይቁ ይጠብቃችኋል።